አድማውን ያልተቀላቀለው ባቡር ነጂና ሁለቱ ማኅበራት

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ የጭነት ባቡር እነዳለሁ። ቀድሞ ኮንዳክተር ስለነበርኩ እስካሁን የኮንዳክተሮቹ ማኅበር አባል ነኝ፤ ስለ ነጂዎች ከኩባንያው ጋር የሚደራደረው ግን ሌላ ማኅበር ነው። እነሱ አድማ በመቱ ጊዜ ሥራ ገብቼ ነበር። አሁን “እንቀጣሃለን፣ ከሥራም እናስወጣሃለን” ይሉኛል። በዚህ ላይ ኩባንያው በዲሲፕሊን ጠርቶኛል። የራሴ ማኅበር ሊቆምልኝ ይችላል?

መልስ፦ ስለ እንጀራዎ አይስጉ። የባቡር ሠራተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሻሻል ኩባንያና ማኅበር “አባል ያልሆነ አይሠራም” ብለው እንዲዋዋሉ ፈቅዷል። ለነጂና ለኮንዳክተር ግን በሕጉ መሠረት የተደራጀ የማንኛውም አገር አቀፍ የባቡር ማኅበር አባልነት ይበቃል። መዋጮዎን ሳያቋርጡ ከከፈሉ በአባልነት ሰበብ ሊያስባርሩዎ አይችሉም። ደረሰኞችዎን በደንብ ያስቀምጡ።

ማኅበር የሚቀጣው አባሉን ነው። በአድማው ቀን የእነሱ አባል ካልነበሩ ደንባቸው እርስዎን አይመለከትም። ከነበሩ ደግሞ የማኅበራትን አሠራር የሚገዛው የ1959ኙ ሕግ ዝርዝር ክስ በጽሑፍ እንዲሰጡዎ፣ ለመዘጋጀት በቂ ጊዜ እንዲፈቅዱልዎና በአግባቡ እንዲሰሙዎ ያስገድዳቸዋል።

የመጨረሻው መልሴ ግን ደስ አያሰኝዎትም። ላንደርስ የተባለ የአምትራክ (የመንገደኞች ባቡር ኩባንያ) ነጂ እንደ እርስዎ የሌላ ማኅበር አባል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1988 በኩባንያው ውስጥ በሚደረገው ማጣራት “የራሴ ማኅበር ይወክለኝ” የማለት መብት ሕጉ እንደማይሰጠው ወሰነ። የኅብረት ስምምነታችሁ ይህን ፈቅዶ እንደሆነ ግን ይመልከቱ። ጉዳዩ የባቡር ሠራተኞችንና የኩባንያዎችን ክርክር ወደሚዳኘው ብሔራዊ የባቡር ማስተካከያ ቦርድ ከደረሰም የፈለጉትን ወኪል ይዘው መቅረብ ይችላሉ።

“ታዲያ የተቀየሙኝ ሰዎች ይሟገቱልኝ?” ይሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ግዴታቸው ነው! በ1944 በስቲል ጉዳይ፣ ማኅበሩ በጥቁርነታቸው አባል አላደርግም ብሎ የገፋቸው የባቡር እሳት አንዳጆች ይህንኑ መብት አስከብረዋል፤ ተደራዳሪ የሆነ ማኅበር አባል ያልሆነውንም ያለ አድልዎ መወከል አለበት።

ቂሙ ጥንታዊ ነው። በ1888 የበርሊንግተን ባቡር ኩባንያ ነጂዎች ሲያድሙ ናይትስ ኦፍ ሌበር የተባለው የሠራተኞች ድርጅት ሰዎች ገብተው ባቡሩን ነዱ፤ ቀደም ሲል እነሱ በሬዲንግ ባቡር ኩባንያ ሲያድሙ የነጂዎቹ ማኅበር ሰዎች ቦታቸውን ይዘውባቸው ነበርና። ሁለቱም አድማዎች ከሸፉ፤ ያተረፉት ኩባንያዎቹ ናቸው። ስለዚህ የነጂዎቹን ማኅበር ከመክሰስዎ በፊት እንዲወክሉዎ ዛሬውኑ በጽሑፍ ይጠይቋቸው፣ ቅጂውንም ይያዙ። እምቢ ካሉ ወይም ሆን ብለው ከበደሉዎ፣ ፍርድ ቤት መቅረቢያው ጊዜ ስድስት ወር ብቻ ስለሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ጠበቃ ያነጋግሩ።