መልሕቁን ተዪው፣ ቆሮሶውን ስፊ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ ነው። የምንኖረው ሁለት ክፍል ተከራይተን ሲሆን አከራያችን ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት አይፈቅዱም። ስልኬ ላይ የማየው የፈረንጅ ቤት ሁሉ በጋ ሲመጣ ሰማያዊና ነጭ ይለብሳል፤ መልሕቅ፣ ዛጎል፣ የባሕር ኮከብ የተሰፋበት ትራስ አይቼ እቀናለሁ። እናቴ የሰጠችኝ የእግር ሲንጀር አለኝ። ቀጥ ያለ ስፌት እሰፋለሁ፣ ከዚያ በላይ እንጃ። ብዙ ሳላወጣ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ መልሕቁን ተዪው። ሐዋሳ ተቀምጠሽ የሰው አገር ባሕር ምን ያደርግልሻል? የባሕር ኮከብ እኮ የጨው ውኃ ፍጥረት ነው፣ ዕድሜሽን ሙሉ ፍቅር ሐይቅ ዳር ብትመላለሺ አንድም አታገኚም። አሞራ ገደል ዓሣ በልቶ የመጣ እንግዳ ግን ሶፋሽ ላይ የሐይቃችን ዓሣ ቆሮሶ ተጋድሞ ሲያይ ሳይስቅ አያልፍም።

ስለዚህ በቆሮሶ ጀምሪ። ጨርቅ አትግዢ። ያረጀ የወንድ ጂንስ ሱሪ ካለ ይበቃል። ጠቆር ያለው የኋላ በኩሉ ለአንዱ ጎን፣ ጉልበቱ ላይ የነጣው ለሌላው ጎን ይሁን። ወፍራሙን የጎን ስፌት ቆርጠሽ ጣይው። እኔ ስስት ይዞኝ ሳልቆርጠው ልሰፋ ብዬ በአንድ ከሰዓት ሦስት መርፌ ሰብሬያለሁ። ለጂንስ ቁጥር 16 መርፌ ነው የሚሻለው።

መጀመሪያ ካርቶን ላይ ሳዪው። ርዝመቱ 45፣ ቁመቱ 28 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ትራስ ይወጣዋል። ቆሮሶ ሆዱ ሰፋ፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ ነው፤ ካቀጠንሽው ዓሣ ሳይሆን ጫማ ይመስላል። ካርቶኑን ጨርቁ ላይ አድርገሽ በሳሙና ቁራጭ ዙሪያውን አስምሪ፣ ለስፌት አንድ ሳንቲ ተኩል ትርፍ ተዪና ሁለት ቁረጪ። የጀርባው ክንፍ ረጅምና እሾሃማ ስለሆነ ከሌላ ጨርቅ እንደ መጋዝ ጥርስ ቆርጠሽ መሀል ላይ አስገቢው፣ ጥርሱ ወደ ውስጥ ዞሮ። ከዚያ ሁለቱን ፊትና ፊት ገጥመሽ ዙሪያውን ስፊ፤ ከሆዱ በታች እጅሽ የሚገባበት ክፍተት ይቅር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ወዲያው ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ጭራው ሥር ይጨማደድና “መኪናው ነው” ይላል። መኪናው ምንም አላደረገ። ከመገልበጥሽ በፊት ጨርቁ በሚታጠፍባቸው ቦታዎች ላይ፣ በተለይ ጭራው ከሆዱ በሚገናኝበት አንገት፣ በየአንድ ሳንቲው በመቀስ ጫፍ ጫፉን ነካ ነካ አድርጊው። ክሩን እንዳትነኪ ብቻ። አሁን ገልብጪው፤ ጭራውን መጀመሪያ በእርሳስ እየገፋሽ ሙዪው፣ ሆዱ ይቀጥላል። የጨርቅ ቁርጥራጭ ብቻ ከሞላሽበት ይጓጉላል፣ ይከብዳልም፤ የአሮጌ ትራስ ጥጥ ወይም የተበጣጠሰ ስፖንጅ ይሻላል። ክፍተቱን በእጅ መርፌ ዝጊ። ዓይኑ የሸሚዝ ቁልፍ ይሁን። ጭራው ላይ ቀጫጭን ቋሚ መስመሮች በነጭ ክር ብትጠልፊ ዓሣ አጥማጁ ሳይቀር ያውቀዋል፣ ቆሮሶ ጭራው እንደዚያ ነውና።

አምባዛ የሚባለውን ጢማም ዓሣ ከፈለግሽ ደግሞ ይቀላል፤ ቅርፊት የለውም፣ ረጅም ቱቦ ሰፍተሽ ስምንት የሲባጎ ጢም ማሰር ነው። በር ሥር ብታጋድሚው አቧራም ይከለክላል።

የምስማሩ ነገር አያስጨንቅሽ። ትንንሽ ዓሦች መዳፍ በሚያህል መጠን ሰፍተሽ በክር ደርድሪና መጋረጃው ብረት ላይ አንጠልጥዪ። አከራዩም ምንም አይሉ። እኔ ግን ከሁሉም የምወደው አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ነው። ራሱ መላጣ፣ ጀርባው ግራጫ፣ ሆዱ ነጭ፤ አንገቱ ሥር የሚንጠለጠለውን ሮዝ ከረጢት ኪስ አድርገሽ ስፊውና ሶፋው ክንድ ላይ ስቀዪው። ሪሞቱን እዚያ ትከቺዋለሽ። ዳንቴሉን ከቴሌቪዥኑ ላይ ለማንሳት ፈቃደኛ ያልሆነች አክስቴ እንኳ ይህን ስፊልኝ ብላለች።

ጥያቄ፦ ሰማያዊና ነጭ ጨርቅ ገጥሜ የትራስ ልብስ ሰፋሁ። አንዴ ሳጥበው ነጩ ጨርቅ ውኃ ሰማያዊ ሆነ፣ ጠርዙም ተኮማተረ። ምን ላድርግ? ከአቶቴ።

መልስ፦ ከመቁረጥሽ በፊት ማጠብ ነበረብሽ። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፣ ሰማያዊ ቀለም ደግሞ ትርፉን የሚለቀው ያኔ ነው። ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁን ለማወቅ ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ሰማያዊውን አሽት አድርጊበት፤ ነጩ ከቆሸሸ ለብቻው ደጋግመሽ እጠቢው፣ ውኃው እስኪጠራ። አሁን የተበላሸውን ለብ ባለ ውኃና በልብስ ሳሙና ዘፍዝፊው፣ ጥቂቱ ሊለቅ ይችላል። በረኪና እንዳትሞክሪ፣ ሰማያዊውንም ይዞት ይሄዳል። ካተኮስሽው በኋላ ከሆነማ ተስፋው ትንሽ ነው። ለጠየቀሽ ሁሉ የክረምት ሐይቅ ነው በያቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ሐይቁን የሚያይ መስኮት ያለው ሰው የከሰዓት ፀሐይ ይገባበታል። ሰማያዊ ትራስ እዚያ ሥር ከዋለ በጥቂት ወራት ይነጣል። በየሳምንቱ ገልበጥ አድርጉት።

ጥያቄ፦ የዓሣ መረብ የሚመስል ነገር ግድግዳዬን ላስጌጥበት ፈልጌ ነበር። ቤት ያለውን አጎበር ብቆርጠውስ? ወንድ ነኝ፣ አትሳቁብኝ።

መልስ፦ ማን ይስቃል ወንድሜ፣ ገበያ ላይ ሲንጀር ይዘው የሚሰፉት ባብዛኛው ወንዶች አይደሉ እንዴ? አጎበሩን ግን አትንካው። ሐዋሳ ወባ ያለበት አገር ነው፣ ልጆቹ ይተኙበት። ያረጀም ቢሆን ሐይቅ ዳር ወስደህ አትጠበው፤ ጨርቁ የተነከረበት ፀረ ትንኝ መድኃኒት ዓሣንም ይገድላል። ሽንኩርት የሚሸጥበት ቀይ የመረብ ጆንያ አለ አይደል? እሱን አንዱን ጎን ቅደደውና ዘርጋው፣ ፍጹም መረብ ነው። ቀይነቱ ካልተመቸህ ነጭ ሲባጎ በየቀዳዳው ሹልክ እያደረግህ አሳልፍበት፣ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ያምራል። ሽታው እንዲለቅ መጀመሪያ አጥበህ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አውለው፣ አለበለዚያ እንግዳ በገባ ቁጥር ወጥ እየሠራችሁ ነው ወይ ይልሃል።