«እትዬ የሺ ገባች» ወይስ «ገቡ»?

ጥያቄ፦ «ሠራተኛ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ተጀምሮ እዚያው የሚያልቅ የወንጀል ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ደም ብዙ የለበትም። የእድሩ ገንዘብ ያዥ ሞተው ይገኛሉ፤ ነገሩን የሚደርሱበት ፖሊሶቹ ሳይሆኑ የእድሩን ዕቃ ቤት የሚጠብቁ የሰባ ዓመት ሴት ናቸው፤ እትዬ የሺ ይባላሉ። ረቂቁን ያነበበልኝ ሰው ‹ተራኪው ገቡ፣ ወጡ፣ ጠየቁ እያለ ስንት ሰው እንደገባ እንኳ አይታወቅም፤ ገባች በይና ተገላገይ› አለኝ። ጆሮዬ እምቢ አለ። ደግሞስ ምን ብዬ ልግለጻቸው፦ አሮጊት፣ ባልቴት ወይስ አዛውንት? ሥራቸውንስ ‹መርማሪ› ልበለው?» (አንዲት አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ጆሮዎ ልክ ነው፤ «ገቡ» ይበሉ። ረቂቁን ያነበበልዎ ሰው ያየው ችግር ግን የውሸት አይደለም፤ የሳተው መድኀኒቱን ነው።

ችግሩ ከየት እንደመጣ እንይ። ግዕዝ በተውላጠ ስም አክብሮትን አይለይም፤ ንጉሡም «አንተ»፣ እረኛውም «አንተ» ነው። አንዱን ሰው እንደ ብዙ ቆጥሮ መጥራት የአማርኛ ሥራ ነው። «አንቱ» የግዕዙ የብዙ ቁጥር «አንትሙ» ጅራቱ ተቆርጦ የቀረ ነው። «እርሳቸው» ደግሞ ከ«ርእስ» የወጣ ነው። ርእስ ራስ ነው፤ በግዕዝ «ርእሱ» ሲባል «ራሱ፣ ራሱን» ማለትም ይሆናል። አማርኛ ከዚያው ከአንዱ ራስ እርሱን፣ እርሷን፣ እርስዎን፣ እርሳቸውን አበጀ፤ አፍ ሲቸኩል ር ተዋጠችና እሱ፣ እሷ፣ እሳቸው ሆኑ። እስከ ራስ ቅል ድረስ መውረድ ለጥያቄዎ አያስፈልግም ነበር፤ ግን ተውላጠ ስሙ የራሱን መንገድ ሲሄድ ግሱ የሩቅ ብዙ ቁጥርን መልክ ተውሶ እንዳልመለሰ ያሳያል። ስለዚህ «ገቡ» ሦስት ሌቦችም ናቸው፣ አንዲት እትዬ የሺም ናቸው። ከቁጥሩ ጋር ጾታውም ጠፍቷል፤ እትዬ የሺና አቶ እገሌ በግሱ አይለዩም። ለተራ ታሪክ ይህ ትንሽ ነገር ነው። ማን መቼ ከየትኛው በር እንደወጣ ሁሉ ነገር ለሆነበት ታሪክ ግን ትልቅ ነው።

አንድ አንቀጽ እንሞክር፦ «እትዬ የሺና ወይዘሮ ዘነበች ከዕቃ ቤቱ ወጡ። ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው በሩን ቆለፉ።» የማን መቀነት? ማን ቆለፈ? ሌሊት ዕቃ ቤቱ ተከፍቶ ድንኳኑ ሥር ሬሳ ሊገኝ ነው፤ አንባቢው ቁልፉ በማን እጅ እንዳደረ ካላወቀ መጽሐፉ እዚያው ሞተ። የሚድነው በ«ገባች» አይደለም። «ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ ቆለፈች» ቢሉም ሴቶቹ ሁለት ናቸውና ጥያቄው አልተመለሰም። የሚድነው በእንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «እትዬ የሺ ወይዘሮ ዘነበችን ተከትለው ወጡ። ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው በሩን የቆለፉት ወይዘሮ ዘነበች ናቸው።» ባለቤቱን ወደ መጨረሻ ገፍቶ በ«ናቸው» ማሰር ጣት መቀሰር ነው፤ በቁልፍ፣ በጽዋ፣ በፊርማ ላይ ብቻ ይጠቀሙበት። በየገጹ ካበዙት አንባቢው ጣትዎን ማየት ይለምድና ፍንጩን አስቀድሞ ያሸተዋል።

ቋንቋው ሌላም መለያ አለው። «እሳቸው» አንድ ሰው ነው፣ «እነሱ» ብዙ። «እኚህ ሴት» አንዲት ናቸው፣ «እነዚህ ሴቶች» ብዙ። «እነ እትዬ የሺ ገቡ» ካሉ እሳቸውና አብረዋቸው ያሉት ናቸው፤ «እነ»ን ከጣሉ ብቻቸውን ናቸው። ብዙ ጸሐፊ «እነ»ን እንደ ጌጥ ያስገባታል። እርስዎ ግን እንደ ምስክር ቃል ይቁጠሯት።

ረቂቁን ያነበበልዎ ሰው ያላየው ደግሞ አለ። አክብሮቱ ከሚያደናግረው ይልቅ የሚያጠራው ይበልጣል። እትዬ የሺ ከቤት ሠራተኛዋ ልጅ ጋር አንድ ማጀት ውስጥ አሉ እንበል። «አየቻት» ካሉ ማን ማንን እንዳየ እግዜር ይወቀው። «አየቻቸው» ካሉ ልጅቷ አሮጊቷን አየች፤ «አዩዋት» ካሉ አሮጊቷ ልጅቷን አዩ። ስም ሳይጠራ በአንድ ቃል አለቀ። የዕድሜ ልዩነት በሞላበት ግቢ ውስጥ ይህን መሣሪያ መጣል በገዛ እጅ መቸገር ነው።

«ዘመናዊ ተራኪ ለገጸ ባሕርያቱ ሁሉ እኩል ነው፤ እናትም ‹አንቺ› ትባላለች፣ እመቤታችንም በጸሎት ‹አንቺ› ትባላለች፤ አክብሮት በግስ አይለካም» የሚል ክርክር ይሰማል። በጸሎትና በእናት ዘንድ «አንቺ» ቅርበት ነው፤ እውነት ነው። ግን ሁለቱም የፊት ለፊት ንግግር ናቸው። ተራኪው እትዬ የሺን አያናግራቸውም፤ ስለ እሳቸው ለሌላ ሰው ያወራል። ስለ ሰባ ዓመት ጎረቤት ለሌላ ሰው ሲወራ «መጣች፣ ሄደች» ማለት በሠራተኛ ሰፈር ግቢ ውስጥ ወይ የልብ ጓደኛ መሆን ነው ወይ ጠብ መፈለግ። ያም ሆኖ ዛሬ የሚታተመውን ሳየው «አሮጊቷ ገባች» የሚለው ትረካ እየበዛ መሄዱን አልክድም፤ የሚቆጣበት አንባቢም ብዙ አይደለም። በተለይ ትረካው ወደ ሴትዮዋ ሐሳብ ዘልቆ ሲቆይ «አሰቡ፣ ተጠራጠሩ፣ ፈሩ» እያሉ ገጽ መሙላት አንባቢውን ደጅ ላይ ያቆየዋል። እሺ፣ ይህን ያህል እቀበላለሁ፤ መፍትሔው ግን ሐሳባቸውን በራሳቸው አፍ ማስነገር ነው እንጂ ማዕረጋቸውን መግፈፍ አይደለም።

አሁን ወደ ጣፋጩ ነገር ልምጣ። ይህ የግስ መልክ በራሱ ፍንጭ ይሆናል፤ እንግሊዝኛ በግሱ ሊሠራው የማይችለው ፍንጭ። የስምንት ዓመት ልጅ ለፖሊሱ «ማታ በኋላ በር ወጡ» ይላል። ፖሊሱ «ሰዎች ወጡ» ብሎ ይጽፋል፤ ሁለት ሌባ መፈለግ ይጀምራል። እትዬ የሺ ግን ልጁ ሽንት ቤቱን የሚያጥበውን ጎረምሳ «እሱ»፣ ዘበኛውን አባባ «እሳቸው» እንደሚል ሲሰሙ ኖረዋል። «‹ወጡ› ያልከው እነሱን ነው እሳቸውን?» ብለው አንዲት ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ሁለት ሌቦች ጠፍተው አንድ የተከበረ ሰው ይቀራል። እንዲህ ያለው ፍንጭ የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው። የልጁን አነጋገር ቢያንስ ሁለት ጊዜ ቀደም ብለው ካላሳዩ አንባቢው ተታለልኩ ይላል። ልጁ ቀደም ሲል ታላቅን ሰው በስሕተት «መጣ» ሲል ከተሰማ ፍንጩ ከሸፈ። ሦስተኛው የተራኪው ነው። ተራኪው ራሱ አክብሮትን አንዴ እየሰጠ አንዴ እየነሣ ከሄደ የልጁን ጥንቃቄ ማን ልብ ይለዋል?

ይህ ሦስተኛው ብዙ ረቂቅ ያበላሻል። ጸሐፊው ገዳዩን ያውቃል፤ ሆዱ ቂም ይዟል፤ እስከ ሰባተኛው ምዕራፍ «አቶ እገሌ መጡ» ሲል የኖረው ሰው ስምንተኛው ላይ ሳይታወቀው «መጣ» ይላል። አማርኛ አንባቢ ይህን አያልፈውም፤ የፖሊስ ዜና ላይ «ተጠርጣሪው በቁጥጥር ሥር ዋለ» ሲባል ሰምቶ አድጓል። ማዕረግ ከተነሣ ሰውየው አለቀለት። ስለዚህ መጻፍ ሳይጀምሩ በአንድ ወረቀት ላይ የሰዎቹን ስም በቁመትና በአግድም ይደርድሩ፤ በየሣጥኑ ማን ማንን «አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ» እንደሚል፣ ተራኪውም እያንዳንዱን በምን እንደሚጠራ ይሙሉ፤ ገዳዩ እስኪገለጥ ድረስ አንዲት ሣጥን እንዳትነካ።

ገዳዩን ስለመሸፈን ደግሞ፦ «አንድ ሰው በጨለማ አለፈ» ብለው ቆይቶ ሴት ሆና ብትገኝ አልዋሹም፤ «ሰው» እና «ማን» ጾታው ባልታወቀ ጊዜ የወንዱን ግስ ይወስዳሉ። «ሰውዬው አለፈ» ካሉ ግን ዋሽተዋል፤ ሰውዬ ወንድ ብቻ ነው። «ገዳዩ» በፖሊሱ አፍ ያስኬዳል። በተራኪው አፍ ባይገባ እመርጣለሁ።

እንደ እትዬ የሺ ካሉ ባለታሪኮች ውስጥ ስማቸው የገነነው ሚስ ማርፕል ናቸው። እንግሊዛዊቷ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ አጋታ ክርስቲ መጀመሪያ በ1927 እ.ኤ.አ. በአጭር ልብ ወለድ፣ ከዚያ በ1930 በረጅም ልብ ወለድ ያቀረቧቸው፣ በአንዲት የእንግሊዝ መንደር ሹራብ እየሠሩ የጎረቤትን ወሬ የሚያዳምጡ ያላገቡ አሮጊት። («ሚስ»ን «ወይዘሪት» ብለው እንዳይተረጉሙት፤ አንባቢው ዘውድ የደፋች ቆንጆ ነው የሚያየው።) የእንዲህ ያሉት ሁሉ ጉልበት የሚመጣው ማንም ከቁም ነገር ስለማይቆጥራቸው ነው። እዚህ ላይ አማርኛ አንድ ወጥመድ አለበት፦ የአክብሮት ግስ ሁልጊዜ አክብሮት አይደለም። ወጣቱ መርማሪ «እማማ፣ እርስዎ ቡናዎን ይጠጡ» ሲል ግሱ ፍጹም ነው፤ መልእክቱ ግን «ከመንገድ ዞር በይልኝ» ነው። በመጨረሻ «እትዬ የሺ፣ ምን ይመስልዎታል?» ሲል ግሱ ያው ነው፤ የተለወጠው መጠሪያው ነው። «እማማ» የመጣ የሄደ ሁሉ የሚላቸው ነው፤ «እትዬ» ከስም ጋር ሲሆን የሚያውቃቸው ሰው ነው፤ እት ከእኅት የመጣች ናትና ዝምድና አለባት። እሳቸው ደግሞ እሱን እስከ ጣቢያው በር ድረስ «አንተ ልጄ»፣ አለቃው ፊት «እርስዎ» ይበሉት። እንዲህ ያለ አሮጊት ሥልጣን የት እንደሚያበቃ ያውቃል።

ስለ መግለጫው አጭር ልሁን፤ ግን አልችልም። ግዕዝ «አረጋዊ» የሚለው ወንዱን ሽማግሌ ነው፤ የደብረ ዳሞው ጻድቅ አቡነ አረጋዊ የሚጠሩበት ስም ነው። የሴቷ «አረጊት» ናት። ያችው አረጊት አማርኛ ገብታ «አሮጊት» ሆነችና ወንድሟ መቅደስ ሲገባ እሷ ስድብ ላይ ቀረች። «የአሮጊት ወሬ» የሚለውን ንቀት ያጠነከረው ምናልባት ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው የመጀመሪያ መልእክት (4፥7) ስለ አሮጊቶች ተረት የጻፈው ይሆናል። የእርስዎ መጽሐፍ እኮ የቆመው በዚያ ወሬ ላይ ነው፤ ማስረጃው ሁሉ የሚመጣው ከቡና ነው። ስለዚህ «አሮጊት»ን በሚንቋቸው ሰዎች አፍ ላይ ያድርጓት። «ባልቴት» ባል የሞተባት የሚል ትርጉም ትጎትታለች፤ እትዬ የሺ ባለትዳር ከሆኑ አይሆንም። ለእኔ የሚጥመኝ «አረጋዊት» ነው። በሠራተኛ ሰፈር አንድም ሰው እንደማይለው አውቃለሁ፤ የሚለው «አዛውንት» ነው፤ ለወንዱም ለሴቷም ያገለግላል፤ ይጠቀሙበት እንግዲህ።

«መርማሪ» አይበሏቸው። መርማሪ ዛሬ ደመወዝተኛ ነው፤ ቃል ይቀበላል፣ መዝገብ ያደራጃል። «አነፍናፊ» የሚሉ አሉ፤ እሱ የውሻ ሥራ ነው። ከባህላችን አውጫጭኝ አለ፦ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው ተሰብስቦ የሚያውቀውን እንዲያወጣ የሚደረግበት ሥርዐት። ቃሉ ከ«ወጣ» ነው፤ በ«መውጫ»ና በ«ወጪ» ላይ የምናያት ጭ ናት ያለችበት። ከዚያ «ምሥጢር አውጪ» እንዳይሉ ግን፤ እሱ የሰው ገመና የሚዘራ ነው። «ምሥጢር ፈቺ» ይሻላል። «ፈታ» በግዕዝ «ፈትሐ» ነው፤ መፍታትም መፍረድም ነው፤ «ፍትሕ» ከዚያው ወጥቷል። እትዬ የሺም ቋጠሮውን ፈትተው ሲያበቁ የሚሰጡት እሱን ነው።

«ምሥጢር»ን ደግሞ በሠ ይጻፉልኝ። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው ከተባለ ለሠ የሚሟገት ማስረጃ የለኝም፤ ጋዜጣውም መጽሐፉም «ሚስጥር» እያለ ነው። ቢያንስ ሽፋኑ ላይ በሠ ይሁን።