መልስ፦ «ኬሪ ኦን፣ ሚስተር ባውዲች» የተሰኘው የልጆች መጽሐፍ ለ11 ዓመት ልጅ ይከብዳል ወይ?
እህቴ፣ «ሂሳብና የመርከብ ቃላት ስለሚበዙበት ልጄን ያሰለቸው ይሆን?» ብለሻል። እኔ አይመስለኝም። ሂሳቡ የታሪኩ ነፍስ ነው። ባለታሪኩ ናትናኤል ባውዲች በእውነት የነበረ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1773 በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ሴለም ከተማ ተወለደ። ትምህርቱን አቋርጦ በ12 ዓመቱ በውል ሥራ ገባ። እሱ ግን የሳይንቲስቱን የኒውተንን መጽሐፍ ለማንበብ ብሎ ላቲንን ብቻውን ተማረ! በኋላም መርከበኞች የሚመሩባቸውን ሰንጠረዦች ሲፈትሽ በሺህ የሚቆጠሩ ስህተቶች አገኘባቸው። አንድ የተሳሳተ ቁጥር መርከብን ከአለት ጋር ሊያላትም እንደሚችል ሲገባኝ፣ መጽሐፉን ማስቀመጥ አቃተኝ። እ.ኤ.አ. በ1956 ያገኘው የኒውቤሪ ሜዳልያ (የአሜሪካ የልጆች መጽሐፍ ሽልማት) ሲያንሰው ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ሞት ይበዛበታል። ናትናኤል የሚወዳቸውን ሰዎች ደጋግሞ ያጣል። እነዚያን ምዕራፎች ከልጅሽ ጋር አብረሽ አንብቢ።