ክረምት ሲገባ አንቴናው ለምን ይበላሻል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው። ለ7.1 ሜጋኸርዝ የሠራሁት የሽቦ አንቴና (ዳይፖል) ክረምት ሲገባ ኤስደብሊውአሩ (ከአንቴናው ወደ ሬዲዮው የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳየው ቁጥር፤ ወደ 1 ሲጠጋ ጥሩ ነው) ከ1.4 ወደ 3 ወጣ። ሽቦውን ላሳጥረው? ርዝመቱንስ አባቴ በተዉልኝ ስላይድ ሩል (ተንሸራታች የማስሊያ ማስመሪያ) ማስላት ይቻላል?

መልስ፦ ሽቦውን አይንኩት! በበጋ በትክክል ሲሠራ የነበረ ሽቦ በዝናብ አይረዝምም። መጀመሪያ ኮአክሲያል ገመዱ (ከሬዲዮው ወደ አንቴናው የሚሄደው) ከሁለቱ የሽቦ ክንፎች ጋር የተያያዘበትን መሃል ይፍቱ። የገመዱን ላስቲክ ሁለት ጣት ያህል ይላጡት፤ የመዳብ ሹርባው ከጠቆረ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ሹርባው ውሃን እንደ ኩራዝ ክር ወደ ውስጥ ይስባል። ንጹሕ መዳብ እስኪያገኙ ገመዱን ይቁረጡ፣ በስታኞ ይበይዱ፣ ከዚያ ራሱን በሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ይጠቅልሉ። ከላይ ወደ ታች ከጠቀለሉት እያንዳንዱ ዙር ውሃ ይይዛል። የሽቦው ጫፎችም እርጥብ ቅጠል እንዳይነኩ፤ ከፍተኛው ቮልቴጅ እዚያ ነው።

በስላይድ ሩሉ ደግሞ በሚገባ ይቻላል፤ መሐንዲሶች እስከ 1960ዎቹ የሠሩት በእሱ ነው። የሙሉው ሽቦ ርዝመት ቀመር በሜትር 142.5 ሲካፈል ለሜጋኸርዙ፣ ማለትም ለ7.1 ነው። በተንሸራታቹ ላይ ያለውን የ“ሲ” (C) መስመር 7.1 ከሥሩ ባለው የ“ዲ” (D) መስመር 1.425 ላይ ያግጥሙ፤ በ“ሲ” ቀኝ ጫፍ ሥር በ“ዲ” ላይ 2.007 ያነባሉ። የአስርዮሽ ነጥቡን ቦታ መሣሪያው አይነግርዎትም፤ 140 ለ7 ሃያ ስለሆነ መልሱ 20.07 ሜትር ነው፣ ለአንድ ክንፍ 10 ሜትር ከ3 ሴንቲ። አዲስ ሽቦ ሲቆርጡ ለየክንፉ ከ10.3 ሜትር ይጀምሩና እያሳጠሩ ያስተካክሉ። ከየክንፉ 5 ሴንቲ ሲቀነስ ድግግሞሹ ወደ 35 ኪሎኸርዝ ይጨምራል።

መብረቅና ነጎድጓድ ከመቅረቡ በፊት ገመዱን ከሬዲዮው ነቅለው ከቤት ውጭ ይተዉት።