በአራት ነጥብ የተዘጋ መስመር

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ተቀጣሪ ከቀድሞ ባለሙያ የተረከበችውን የኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ፕሮግራም) የትእዛዝ ፋይል ከፍታ፣ «እነዚህ በኮከብ የሚጀምሩ መስመሮች ሥራ ስለማይሠሩ ላጥፋቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ወዲያው መልስ መስጠት አቃተኝ፤ በ2003 ዓ.ም. ፒያሳ በነበረው ቢሯችን እኔም እንደ እርሷ አስብ ነበርና።

የተረከብኩትን ፋይል ያዘጋጁት ጡረታ የወጡ አንድ ታላቅ ባለሙያ ሲሆኑ፣ ለቤተሰብ ጥናት የሚያገለግል ነበር። ኮመንቶቻቸው፣ ማለትም ፕሮግራሙ የማይፈጽማቸው ለአንባቢ የተጻፉ ማስታወሻዎች፣ በእንግሊዝኛ ስለተጻፉ፣ ከእኔ በኋላ ለሚመጡት ይጠቅማል ብዬ አንድ በአንድ ወደ አማርኛ መለስኳቸው። «ከዚህ በታች የናሙና ክብደት ይሰጣል» ብዬ ጽፌ፣ በትምህርት ቤት እንደተማርኩት በአራት ነጥብ ዘጋሁት። በኤስፒኤስኤስ ግን በኮከብ የተጀመረ ኮመንት የሚያበቃው በመስመር መጨረሻ ላይ የእንግሊዝኛውን ነጥብ ሲያገኝ ወይም ባዶ መስመር ሲከተለው ነው፤ የእኛን አራት ነጥብ አያውቀውም። ስለዚህ ቀጥሎ የነበረውን፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ ሕዝብ ድርሻው ክብደት የሚሰጠውን «ዌይት ባይ» የሚለውን ትእዛዝ የኮመንቱ ተከታይ አድርጎ ዋጠው። አንድም የስሕተት መልእክት አልወጣም፤ ሰንጠረዡም ሥርዓቱን ጠብቆ ታተመ። በናሙናው አዲስ አበባ ከሕዝብ ድርሻዋ በላይ ቤተሰቦች ተመርጠውባት ስለነበር፣ ያለ ክብደት የተሠራው ስሌት የአገሪቱን የኤሌክትሪክ ተጠቃሚ ድርሻ ከልክ በላይ ከፍ አደረገው።

ጉዳዩ በስብሰባ ላይ ሲነሣ፣ «የተረከብኩት ፋይል ችግር አለበት» አልኩ። ማንም ፋይሉን ከፍቶ አላየም፤ የሰውየው ስም ግን በክፉ ተነሣ። ቆይቼ በዳታ መስኮቱ ግርጌ «ዌይት ኦን» (ክብደቱ በሥራ ላይ ነው) የሚለው ጽሑፍ አለመታየቱን አስተዋልኩና መስመሩን አስተካከልኩ። ያበላሸሁት እኔ መሆኔን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ኮከቡ በሁሉም የስታቲስቲክስ ፕሮግራም አንድ ዓይነት አይደለም። በሳስ መግለጫውን በኮከብ ከጀመራችሁ፣ የእንግሊዝኛው ሴሚኮሎን (;) እስኪመጣ ድረስ ብዙ መስመር ቢሆንም ኮመንት ነው፤ በስታታ በተለመደው አሠራር ያንኑ መስመር ብቻ ይይዛል፤ በአር ደግሞ ከመሰላል ምልክቱ (#) እስከ መስመሩ መጨረሻ ነው። ዛሬ ወጣቶች ኮዱን ለማሽን ሰጥታችሁ ማብራሪያ ትቀበላላችሁ፤ ከእኛ ይልቅ ፈጣኖችና ጠያቂዎች ናችሁ፤ የመስመርን ጫፍ በዐይን የመከተል ትዕግሥታችሁ መቀነሱ ግን ያሳስበኛል። ለልጅቷም የሌላ ሰው ኮመንት አትንኪ አልኳት፤ ሆኖም ዛሬም በአማርኛ መጻፉን እወዳለሁ፣ ብቻ መጨረሻው ላይ ያችን ትንሽ ነጥብ አስቀምጣለሁ።

ከዓመታት በኋላ ሰውየውን በቸርችል ጎዳና፣ ከዋናው ፖስታ ቤት ደጃፍ አገኘኋቸው። ደኅንነቴን ከጠየቁኝ በኋላ፣ «ያ ፋይል አሁንም ይሠራል?» አሉኝ። «ይሠራል፣ ጋሼ» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው እጄን ሁለቴ ጨብጠው ወደ ለገሃር ቁልቁል ወረዱ፤ እኔም ሌላ ቃል ሳልጨምር ቆሜ አየኋቸው።