መልስ፦ ሁሉንም «የዋሻ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ መመዝገብ ይገባል?

በላሊበላና በአካባቢው ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት በቅርስ መዝገብ ላይ በሙሉ «የዋሻ ቤተ ክርስቲያን» ብለው ቢያሰፍሩ ስሕተት ይሆን እንደሆነ ጠይቀዋል። አዎን፣ ይሆናል። ቤተ ጊዮርጊስ በአራቱም ጎኑና በጣሪያው ከአለቱ ተለይቶ የተፈለፈለ ሲሆን፣ ቤተ አባ ሊባኖስ ግን ዙሪያው ተፈልፍሎ ጣሪያው ከአለቱ ጋር እንደተያያዘ የቀረ ነው፤ ይምርሐነ ክርስቶስ ደግሞ ፍልፍል ሳይሆን በዋሻ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት የታነጸ ሕንፃ ነው። ይህ ልዩነት ከጠፋ፣ ጥገና የሚያቅደው ባለሙያ የአለት ስንጥቅ ይመርምር ወይስ የእንጨት መበስበስ ከመዝገቡ ሊረዳ አይችልም፤ እኔንም በብርቱ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ስለዚህ የአሠራሩን ዓይነት፣ አገልግሎቱንና የተሠራበትን ቁስ በየራሳቸው ዓምድ፣ አስቀድሞ ከተወሰነና ትርጓሜው ከተጻፈ የቃላት ዝርዝር እየመረጡ ይሙሉ፤ የአካባቢው ሰው የሚጠራበትን ስም ግን ሳይለውጡ ለብቻው ያኑሩት።