የአያቴን ጭቃ ቤት በሲሚንቶ ላስለስነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጉለሌ ውስጥ አያቴ በጃንሆይ ዘመን የሠሩት ጭቃ ቤት አለን። መሠረቱ ድንጋይ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከፊት የእንጨት በረንዳ አለው። የግድግዳው ታችኛው ክፍል ተሸርሽሯል፤ አንዱ መስኮትም አልዘጋ ብሏል። ወንድሜ «የዶሮ ሽቦ መትተን በሲሚንቶ እናስለስነው፣ መስኮቱንም አሉሚኒየም እናድርገው» ይላል። እኔ የቤቱ መልክ እንዳይጠፋ ሰጋሁ። ምን ይሻላል?
እ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽን ሰላም በይልኝ፤ ሽቦውን ግን ገዝቶት ከሆነ ይመልሰው።

ጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። ሲሚንቶ ከለበሰ ግን ከመሬት የሚመጣው እርጥበት መውጫ ያጣና ውስጥ ውስጡን ማገሩን ያበሰብሳል። ላዩ ለጊዜው ያምራል። ከዚያ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ዝናብ ይገባል፣ በመጨረሻም ልስኑ እንደ ቅርፊት ይላጣል። በአናጺነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ልስን ስናወርድ ከኋላው እንጨት ሳይሆን ዱቄት ያገኘሁባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው።

ይልቅ ታችኛው ግድግዳ ለምን እንደተሸረሸረ ፈልጊ። የአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች ትልቁ ጣጣ የግቢው ከፍ ማለት ነው። አፈር ይደለደላል፣ ኮብልስቶን ይነጠፋል፤ የድንጋዩ መሠረት እየተቀበረ ይሄድና ጭቃው መሬት ይነካል። መሠረቱ እስኪታይ አስቆፍሪው። ዙሪያውን ጠጠር የተሞላ ቦይ ይኑረው። አሸንዳው ተቀዶ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት እሱ ይጠገን። ውሃው መንገድ ሳይዝ ግድግዳ መመረግ ብር መጣል ነው።

ከዚያ ቋሚዎቹን ከታች በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጊ። ዝም ብሎ ከገባ በስብሷል ማለት ነው። ቋሚውን በሙሉ መንቀል ግን አያስፈልግም፤ የበሰበሰውን ቆርጦ ጽድ መቀጠል ይቻላል። ባሕር ዛፍ ይረክሳል፣ ምስጥም ይወደዋል።

ለምርጊቱ አፈርና የጤፍ ጭድ በእግር ይረገጥ፤ ውሃ እየተጨመረበት ከሳምንት በላይ ይቡካ። ሽታውን ቻሉት፣ ጎረቤትም ይችለዋል። በደንብ ከደረቀ በኋላ 1 እጅ ኖራ ከ3 እጅ አሸዋ ጋር ተደባልቆ ስስ ተደርጎ ይለሰን። ኖራ እርጥበቱን አያፍንም። ሥራው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ይሁን።

አሉሚኒየሙን እርሺው። መስኮት አልዘጋ የሚለው ብዙ ጊዜ የታችኛው እንጨት በውሃ አብጦ ወይም ማጠፊያው ወርዶ ነው። ጎበዝ አናጺ ያችን ቁራጭ ብቻ ይቀይራታል።

ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ግን ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ በክፍለ ከተማችሁ ጠይቂ። ከተመዘገበ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ መጠገንን ይከለክላል። ሰፈሩ መልሶ ማልማት ውስጥ መግባት አለመግባቱንም በዚያው አጣሪ።

ደግሞ ሁሉም ነገር ቅርስ አይደለም። የአቡጀዲ ኮርኒሱ የአይጥ መራቢያ ከሆነ አውርጂው። ሻወርና ሽንት ቤት ካማራችሁም ከኋላ በብሎኬት ለብቻው ይሠራ፤ የውሃ ቧንቧ በጭቃው ግድግዳ ውስጥ እንዳታሳልፉ።